ከለቡ ጣቢያ እስከ ባሕሩ ወለል

ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ገብቼ “የመጥለቂያ ዕቃ አላችሁ?” ብዬ ጠየቅሁ። ወጣቱ ባለሱቅ ምንም ሳይገርመው “ሞልቷል እህቴ! ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው?” አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ከጀርባው የተደረደሩት ሁሉ የጉድጓድ ውሃ መሳቢያ ፓምፖች ናቸው። “አይ፣ ለሰው ነው” አልኩት። ፊቱ ወዲያው ተለዋወጠ። “ሰው ገባ እንዴ?”

ነገሩን ሳስረዳው ሁለታችንም ሳቅን። ወደ ቤት ስመለስ ግን ያ ድንጋጤው መንገዱን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋም። በእኛ ከተማ “ሰው ውሃ ውስጥ ገባ” ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን አደጋ ነው። መዝናኛ ነው፣ ትምህርት ነው፣ ሙያ ነው ብለን አናስበውም። እኔም ብሆን ከዚያ ልጅ የተለየሁ አልነበርኩም።

ጉዳዩን ያመጣችው የ13 ዓመቷ ልጄ ናት። ውጭ አገር የሚኖረው አጎቷ ለልደቷ አፍንጫን ጭምር የሚሸፍን የመጥለቂያ መነጽርና ስኖርክል ላከላት። ለሁለት ሳምንት መታጠቢያ ቤቱን ባሕር አደረገችው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። አንድ ቀን ቁርስ ላይ “እማ፣ እኛ ክፍለ ከተማ ጠላቂዎች አሉ?” አለችኝ። “ባሕር በሌለበት አገር ጠላቂ ምን ይሠራል?” ስላት፣ በመስኮቱ ወደ ለቡ ባቡር ጣቢያ አቅጣጫ እየጠቆመች “ባቡሩ ወደ ባሕር አይደል እንዴ የሚሄደው?” ብላ አፌን አስያዘችኝ።

እውነቷን ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኞቹን የሚያነሳው ከእኛው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከለቡ ጣቢያ ነው። ሐዲዱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅቡቲ ከተማ አጠገብ ነጋድ ከሚባለው ጣቢያ ይደርሳል። አያቶቻችን ባሕር ለማየት ከለገሃር ይሳፈሩ ነበር፤ የእኛ ልጆች ደግሞ ከጀሞና ከለቡ ኮንዶሚኒየም በእግራቸው ሊደርሱበት ከሚችሉት ጣቢያ ይሳፈራሉ። እንዲህ ከሆነ በመካከላችን ባሕሩን የሚያውቁ ሰዎች መኖር አለባቸው ብዬ ፍለጋዬን ጀመርኩ።

ሱቁ የት ነው?

ቅዳሜና እሑድ እየጠበቅሁ ከጎፋ እስከ መካኒሳ፣ ከሳር ቤት እስከ ሜክሲኮ የስፖርት ዕቃ ሱቆችን አዳረስኩ። የዋና ልብስ፣ የራስ ቆብ፣ ለሕፃናት የክንድ ፊኛ፣ ተራ የዋና መነጽር በሽ ነው። ተራው የዋና መነጽር ግን ዓይንን ብቻ ስለሚሸፍን ለመጥለቅ አይሆንም። ጠላቂ ወደታች ሲወርድ የውሃው ግፊት መነጽሩን ፊቱ ላይ ይለጥፈዋል፤ ይህን የሚያስተካክለው በአፍንጫው ትንሽ አየር ወደ መነጽሩ ውስጥ በመልቀቅ ነው። አፍንጫው ከውጭ ከቀረ ግፊቱ ዓይኑን ይጎዳዋል። የልጄ ስጦታ አፍንጫ የሚሸፍነው ለዚህ ነበር።

መርካቶ ሰልቫጅ ተራ አንድ የእግር መቅዘፊያ አገኘሁ፤ ጓደኛው ግን የለም። ከዚያው ክምር ውስጥ ሻጩ “የሐኪም ዕቃ ነው” ያለኝን የጎማ ቱቦና አፍ የሚገባበት ነገር አየሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ያ ሬጉሌተር ነበር። ባለመግዛቴ እስከ ዛሬ ተመስገን እላለሁ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

በመጨረሻ መንገዱን ያሳየኝ ሱቅ አልነበረም። የመነጽር ጥያቄዬን የሰማ አንድ የዋና አሠልጣኝ “እህቴ፣ ዕቃውን ተዪውና ቅዳሜ ጠዋት መዋኛው ጋ ነይ። ሰዎቹ እዚያ ናቸው” አለኝ።

የመጨረሻው መስመር ሰዎች

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጄን ይዤ በሰፈራችን አቅራቢያ ወደሚገኝ መዋኛ ሄድኩ። ከውሃው እንፋሎት ይነሳል። በግድግዳው ጥግ ባለው የመጨረሻ መስመር አምስት ስድስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ሥራዋ ከአገር አገር የሚያዞራት ወጣት ናት፤ ግብፅ ሄዳ ጠልቃለች። አንዱ ዛንዚባር ለጫጉላ ሽርሽር ሄዶ ከሚስቱ ጋር የጀመረ መሐንዲስ ነው። ሁለቱ ጅቡቲ ሲሠሩ የተማሩ ናቸው። ማኅበር የላቸውም፤ ቢሮም ሆነ ማኅተም የላቸውም። ያላቸው የቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮና አንዱ ለሌላው የሚያውሰው ዕቃ ነው።

መሐላቸው ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ አንድ አዛውንት አሉ። ሁሉም “ጋሼ” ይሏቸዋል። በወጣትነታቸው በምፅዋ ባሕር ኃይል ሲያገለግሉ መርከብ ሆድ ሥር እየገቡ ይፈትሹ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና ሰፈሩ ምፅዋ ነበር። ከፊት ለፊቱ ያሉት የዳሕላክ ደሴቶች በጠላቂዎች ዘንድ ስማቸው የቆየ ነው። ጣሊያናዊው ፎልኮ ኩዊሊቺ የተሳተፈበት የባሕር ጉዞ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1952 እና 1953 እዚያ ጠልቆ የቀረጸው ፊልም በ1954 ለሕዝብ ቀርቧል። ስኩባ ገና ድክ ድክ በሚልበት በዚያ ዘመን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ከባሕር ተለየች። ጋሼም ከምፅዋ ርቀው ጎፋ ልጆቻቸውን አሳደጉ።

“ባሕሩ ቀረ፣ እኔ ግን ዋናውን አልረሳሁትም” አሉኝ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው “አንቺ፣ መነጽሩን አውልቂና መጀመሪያ ዋኚልኝ” አሏት። አኮረፈች። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች። ዓለም አቀፍ አሠልጣኝ ድርጅቶችም ለጀማሪ ጠላቂ የሚሰጡት ፈተና ከዚሁ ነው የሚጀምረው፦ 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘት፤ ከዚያ ያለ ምንም ዕቃ 10 ደቂቃ ውሃ ላይ ተንሳፎ መቆየት። ፍጥነት አይጠየቅም። የሚፈለገው ሰውየው ውሃ ሲነካው የማይደነግጥ መሆኑ ብቻ ነው።

“እናትየውስ?” አሉ ወደ እኔ እያዩ። “እኔ አልችልም ጋሼ” አልኳቸው። “የማይችል ወላጅ ልጁን ውሃ ዳር ቆሞ ምን አድርጎ ይጠብቃል?” መልስ አልነበረኝም።

ጎሚስታና ጠላቂ

ከዋና በኋላ በሻይ ሰዓት ብዙ ተማርኩ። መጀመሪያ ያረሙኝ ሁላችንም የምንሳሳተውን ነገር ነው፦ በጠላቂ ጀርባ ላይ ያለው ሲሊንደር የሚይዘው ኦክስጅን ሳይሆን እኔና እናንተ አሁን የምንተነፍሰውን ተራ አየር ነው። ልዩነቱ እምቅነቱ ላይ ነው። ጎሚስታው ለመኪናዬ ጎማ 32 ይሞላልኛል። የጠላቂ ሲሊንደር በዚያው መለኪያ 3,000 ገደማ ይሞላል። በዚህ ዓይነት 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ውስጥ 2,400 ሊትር ያህል አየር ይታመቃል።

ታዲያ ጎሚስታው ዘንድ ወስዶ ማስሞላት አይቻልም? መሐንዲሱ ይህን ስጠይቀው ሻዩ ትን አለው። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ዘይት ይተፋል፤ ከመንገዱ ጭስም ይስባል። ጎማ ይህን ይችለዋል፣ ሳንባ ግን አይችለውም። የጠላቂ አየር በልዩ ማጣሪያ ያልፋል። ሲሊንደሩም ውስጡ በየዓመቱ ይታያል፤ በየተወሰነ ዓመት ደግሞ በከፍተኛ ግፊት ይፈተሻል። እውነተኛ የጠላቂ ሱቅ ማለት ዕቃ የሚሸጥ ብቻ ሳይሆን ይህን ሥራ የሚሠራ ቤት ነው። ሱቁ ከባሕር ዳርቻ የማይለየውም ለዚህ ነው፤ ሲሊንደርና አየር ከዚያው ይከራያሉ እንጂ ከቤት አይሸከሟቸውም።

ሬጉሌተሩ ደግሞ ያን ሁሉ እምቅ አየር ሰው ሊተነፍሰው በሚችለው መጠን፣ ሲስብ ብቻ እየሰጠ የሚያወጣው መሣሪያ ነው። ታሪኩ ለሰፈራችን ጋራዦች ደስ የሚል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ቤንዚን ሲጠፋ ኤሚል ጋኛ የሚባል መሐንዲስ መኪና በጋዝ እንዲሄድ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ከባሕር ኃይል መኮንኑ ከዣክ ኩስቶ ጋር ሆኖ ያንኑ ሐሳብ ለሰው ሳንባ እንዲሆን አሻሻለው። ዛሬ በዓለም ያለው ስኩባ የዚያ ልጅ ነው። ስኩባ የሚለው ስምም የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ጥርቅም ሲሆን፣ ትርጉሙ “ራሱን የቻለ የውሃ ውስጥ መተንፈሻ” እንደ ማለት ነው። እንግዲህ የሰልቫጁን ሬጉሌተር ባለመግዛቴ ለምን ተመስገን እንዳልኩ ገባችሁ። ውስጡ ያለች አንዲት የደረቀች የጎማ ቀለበት 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ትንፋሽ ልታሳጣ ትችላለች።

የአምቦ ውሃው ትምህርት

ጋሼ ልጄን ስለ ግፊት ያስተማሯት በአንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ነው። “አየሽ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ አረፋ የለም። ጋዙ ግን አለ፤ ግፊቱ ውሃው ውስጥ አስሮ ይዞታል።” ጠርሙሱን በአንዴ ከፈቱት፤ ተንፈቅፍቆ ጠረጴዛውን አራሰው። ሁለተኛውን ቀስ ብለው፣ እያረፉ ከፈቱት። ጠብታ አልፈሰሰም።

የጠላቂ ደምም እንዲሁ ነው። ባሕር ውስጥ በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፤ በ20 ሜትር ሦስት እጥፍ። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ናይትሮጅኑ በግፊቱ ምክንያት ደማችንና ሥጋችን ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ የወጣ ሰው በትንፋሹ ያስወጣዋል። ተጣድፎ የወጣ ግን እንደ መጀመሪያው ጠርሙስ ይሆናል፤ አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ከተፈጠረ ሕመም፣ ነርቭ ላይ ከተፈጠረ ሽባነት ሊያመጣ ይችላል። የአየር ፍጆታም ከግፊቱ ጋር ይጨምራል። ላይ ሆኖ ሁለት ሰዓት የሚያቆይ ሲሊንደር በ10 ሜትር አንድ ሰዓት፣ በ20 ሜትር 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ያቆያል። ከዚያውም ላይ መጠባበቂያ ይቀነሳል።

ከሁሉ በላይ ያለው ሕግ ግን አጭር ነው፦ ትንፋሽህን አትያዝ። በ10 ሜትር ላይ ሳንባውን ሞልቶ ትንፋሹን እንደያዘ ወደ ላይ የወጣ ሰው፣ ያ አየር እጥፍ እየሰፋ ሳንባውን ሊቀደው ይችላል። ዋናተኛ ትንፋሹን ይይዛል፤ ስኩባ ለባሽ ፈጽሞ አይይዝም።

እዚህ ላይ ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች ብቻ የሚሆን ነገር አለ። ጠላቂ ከጠለቀ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን እንዳይሳፈር ይከለከላል። አንዴ ከጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ወይም ደጋግሞ ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ አለበት፤ ብዙዎች 24 ሰዓት ይጠብቃሉ። ምክንያቱ የአውሮፕላን ውስጥ አየር ስስ መሆኑ ነው፤ ግፊቱ 1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ ጋር ይመሳሰላል። እኛስ የምንኖረው የት ነው? 2,300 ሜትር ገደማ ላይ! አዲስ አበባ በአንድ በኩል ሲታይ ሁልጊዜ በበረራ ላይ ያለ አውሮፕላን ናት። ስለዚህ “አውሮፕላን አልሄድም፣ በባቡር ወይም በመኪና ነው የምመለሰው” ማለት አያድንም። ከጅቡቲ ባሕር ወጥቶ በዚያው ቀን ለቡ የገባ ጠላቂ አምቦውን በአንዴ እንደ መክፈት ነው። ጋሼ እንዳሉት “ባሕር ዳር አንድ ቀን አርፎ መምጣት የጉዞው አካል ነው።”

ነፋስና ስልክ

የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ ጨዋታችን ውስጥ ገባ። ሽቦ አልባው ቴሌግራፍ አገራችን ሲገባ ሰው “የነፋስ ስልክ” ይለው ነበር፤ ሰፈሩም ስሙን ከዚያ አገኘ። ያለ ሽቦ፣ በነፋስ ውስጥ መልእክት ይሄዳል ማለት በዚያን ጊዜ ተአምር ነበር። ጠላቂዎች የሚያጡት ይህንን ነው። ነፋሱን በጀርባቸው ይዘው ይወርዳሉ፤ ስልክ ግን የለም። አፋቸው ውስጥ ሬጉሌተር ስላለ አይናገሩም። የሚግባቡት በእጅ ነው።

ልጄን በጣም ያሳቃት አውራ ጣቱ ነበር። እኛ አውራ ጣት ስናነሳ “አሪፍ” ማለታችን ነው። ጠላቂ አውራ ጣቱን ካነሳ “ወደ ላይ እንውጣ” ማለቱ ነው፤ ያየውም ወዲያው መውጣት አለበት። “ደህና ነኝ” የሚባለው አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣትን አገናኝቶ ቀለበት በመሥራት ነው። እጅን ዘርግቶ ጉሮሮ ላይ እንደ ቢላ ማንሸራተት “አየር አልቆብኛል” ማለት ነው። ለዚህ ነው ጠላቂ ብቻውን የማይወርደው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ፤ ከመግባታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ማሰሪያ፣ የእርሳስ ቀበቶ፣ የአየር መጠን ይፈትሻል። እያንዳንዱ ሬጉሌተር ለጓደኛ የሚሆን ትርፍ አፍ አለው። ሰው ለራሱ ብቻ የማይታጠቀው ዕቃ ማየት ደስ ይላል።

የመካኒሳው ጉድጓድ

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። ያደግሁት መካኒሳ ነው። ከሰፈራችን ጀርባ ድንጋይ የሚፈለጥበት ጉድጓድ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ይሞላል። ሰባት ዓመቴ ሳለ የጎረቤታችን ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሊዋኝ ገብቶ አልወጣም። አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። እናቱ ስታለቅስ የሰማሁትን ድምፅ ዛሬም ክረምት ሲመጣ እሰማዋለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ወላጆች ሁሉ አንድ ሕግ አወጡ፦ ውሃ አትጠጉ። ማንም ግን “ኑ፣ ዋና እናስተምራችሁ” አላለንም። ማንስ ይችል ነበርና! እኛም አደግን፣ ወለድን፤ ለልጆቻችንም ያንኑ ፍርሃት አወረስናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ባሕር የሌለን መሆኑ አያድነንም። ጉድጓድ፣ ጅረት፣ የክረምት ጎርፍ፣ የሐይቅ ዳር ሽርሽር አለን። ፍርሃት ልጅን ከውሃ የሚያርቀው ወላጅ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ዋና ግን ወላጅ በሌለበትም አብሮት ይሄዳል።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ወገባቸው ድረስ በሚመጣው ውሃ ውስጥ ቆመው እጃቸውን ዘረጉልኝ። “ነይ ልጄ። ጭንቅላትሽን በእጄ ላይ ጣይው። ውሃውን አትታገዪው።” ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ የዓለሙ ድምፅ ሁሉ ጠፋ። አንገቴ ድርቅ ብሎ ሰጠምኩ፤ ተነሣሁ፤ ሳልኩ። ልጄ ከጎኔ ቆማ “እማ፣ ሆድሽን ወደ ላይ” እያለች ታስተምረኛለች። በአራተኛው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ሳነሳ፣ ማለቴ እጃቸው ሲነሳ፣ አልሰጠምኩም። ጣሪያው ላይ የውሃው ብርሃን ሲጫወት ብቻ ነው የማየው። ሁለት ደቂቃ ቆየሁ አሉኝ። ከውሃው ስወጣ ለምን እንዳለቀስኩ የጠየቀኝ የለም።

ከዚያስ ወዴት?

መዋኛውን የጨረሱት ወዴት ይሄዳሉ? አንዱ መልስ ቢሾፍቱ ነው። በዚያ ያሉት የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ጠባብ ቢሆኑም ጥልቅ ናቸው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ 65 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ። ይህ ግን የጀማሪ ቦታ አይደለም። ከፍታው 1,870 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው በ10 ሳይሆን በ8 ሜትር ገደማ ነው፤ ለባሕር የተዘጋጀው የጊዜ ሰንጠረዥ እንዳለ አይሠራም። የከፍታ ሥልጠና ይጠይቃል። ላንጋኖ ለዋና ብዙዎቻችን የምንወደው ቢሆንም ውሃው ደለላማ በመሆኑ ጠላቂ የራሱን እጅ እንኳ አያይም።

ሌላው መልስ ሐዲዱ የሚያልቅበት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በጅቡቲ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ ዳርቻ አካባቢ፣ ዌል ሻርክ የሚባለው የዓለም ትልቁ ዓሣ ይሰበሰባል። እዚያ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ፣ አራት ሜትር ገደማ የሆኑ ናቸው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ምግቡ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ከሁሉ ደስ የሚለው እሱን ለማየት ስኩባ አያስፈልግም፤ ውሃው ላይ ተንሳፎ በስኖርክል ማየት ይበቃል። ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ያሉት የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች ደግሞ ኮራል ያላቸው የመጥለቂያ ቦታዎች ናቸው። ከለቡ የተነሳ ቤተሰብ ቢሾፍቱን፣ አዳማን፣ አዋሽን፣ ድሬዳዋን አልፎ፣ ከደጋ ወደ በረሃ እየወረደ ነው እዚያ የሚደርሰው። ጆሮው መንገድ ላይ “ጧ” ሲል ይሰማዋል፤ ይህ የግፊት የመጀመሪያ ትምህርቱ ነው።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

ከመስመሩ ሰዎች የሰበሰብኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

በዋና ጀምሩ። ልጁም ወላጁም። የክንድ ፊኛ መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደለም፤ ልጅ ውሃ ውስጥ ሳለ ዓይናችሁን ከስልካችሁ አንሡ።

ዕድሜን አክብሩ። አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ከ8 ዓመት ጀምሮ በጥልቀት በሌለው መዋኛ ስኩባ መሞከር ይችላሉ፤ የምስክር ወረቀት የሚያሰጠው የታዳጊዎች ትምህርት ከ10 ዓመት ይጀምራል። የ10 እና 11 ዓመት ልጆች ከ12 ሜትር በታች አይወርዱም። አዋቂ ጀማሪም ቢሆን ወሰኑ 18 ሜትር ነው።

ሐኪም አማክሩ። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የጆሮና የሳይነስ ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያየው አይጥለቅ። ጉንፋን የያዘው ቀኑን ይለውጥ፤ የተዘጋ አፍንጫ ጆሮን ያስበሳል።

መጀመሪያ መነጽርና ስኖርክል ብቻ ግዙ። መነጽሩን ያለ ማሰሪያው ፊት ላይ አድርጋችሁ በአፍንጫ ትንሽ አየር ሳቡ፤ እጅ ሳይነካው ተለጥፎ ከቀረ ልካችሁ ነው። ሬጉሌተር ከሰልቫጅ አትግዙ።

አሠልጣኙን ሳታፍሩ ጠይቁ፦ የማሠልጠኛ ካርዱ የታደሰ ነው? ጀልባው ላይ የድንገተኛ ኦክስጅን አለ? በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይዞ ይወርዳል? ጥያቄ የሚያስቆጣው አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ለጅቡቲ ጉዞ የባቡሩን ቀን፣ ፓስፖርትና የመግቢያ ፈቃድ ቀድማችሁ አጣሩ። የመመለሻ ትኬታችሁን ደግሞ ከመጨረሻው ጥልቀት በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ተዉለት።

ያለፈው እሑድ ከልጄ ጋር ለቡ ጣቢያ ሄደን የባቡሩን የጉዞ ቀናት ጠይቀን ተመለስን። ትኬት አልቆረጥንም። ጋሼ “እናትና ልጅ ሁለታችሁም 10 ደቂቃ ሳትንሳፈፉ የትም አትሄዱም” ብለዋል። እሷ ካለፈች ወር ሆኗታል፤ እየጠበቀች ያለችው እኔን ነው። ትናንት ስድስት ደቂቃ ቆየሁ። ደስ ብሎኝ አውራ ጣቴን ባነሳላት ጊዜ፣ ከመዋኛው ዳር ጣቶቿን ቀለበት አድርጋ “እማ፣ እንዲህ ነው!” ብላ አረመችኝ።